የጀልባዋ ሁለት መዝጊያዎች

በሰፈራችን ቦኖ ውሃ የምትቀዳ ሁሉ አንድ ነገር ታውቅብኛለች፤ እኔ ቧንቧ አልዘጋም። ባልዲዬ ሲሞላ አንስቼ ዞር እላለሁ፤ ውሃው እየፈሰሰ ይቀራል፤ ከኋላዬ ያለችው ወይ ባልዲዋን ቶሎ ታስጠጋለች፣ ወይ ራሷ ትዘጋዋለች። የቦኖው ጠባቂ ብርቄ ደህና ልጅ ናት፣ ምላሷ ግን የክረምት ሮቢ ወንዝ ነው፤ ያገኘውን ጠርጎ ይሄዳል። «እትዬ ዘሃራ፣ ቧንቧው ይነክስዎታል እንዴ?» ትለኛለች። ተራ የያዙት ይስቃሉ። አንዷ ደግሞ «ተያት፣ ባለርስት ናት፣ ወንዙ የአባቷ ነው» ትላለች። እኔ አንገቴን ደፍቼ እሄዳለሁ። ሰው ፊት መናገር ከልጅነቴም አልሆነልኝም።

በቀደም ለቦኖው አዲስ መዝጊያ ገጠሙለት። የነሐስ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሳትከር ሄጄ ተራ ይዤ ነበር። ብርቄ ስትከፍተው ሲጢጥ አለ፤ ወዲያው እርጥብ ነሐስ ሸተተኝ። እርጥብ ነሐስ ሽታው እጅ ላይ ይቀራል፤ በሳሙና ቢያሹትም ቶሎ አይለቅም። ከተራው ወጥቼ ከግንቡ ሥር ተቀመጥኩ። ብርቄ ደንግጣ መጣች። «እትዬ፣ አመመዎት እንዴ? ውሃ ላምጣ?» አለችኝ። «ፀሐዩ ነው» አልኳት። ፀሐይ አልነበረም። ባልዲዬን ባዶውን ይዤ ተመለስኩና ይህን መጻፍ ጀመርኩ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በተከፈተው ትምህርት ቤት፣ እኔ ያን ያህል ሆኜ ከትንንሽ ልጆች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። በአፌ የማልችለውን ለመጻፍ ያህል ፊደል አለኝ።

በጣሊያን ጊዜ ሸዋ ሮቢት እንዲህ አልነበረችም። ዛሬ ሻይ ቤቶቹ የተደረደሩበት ቦታ የግራር ጫካ ነበር። ገበያው ከትልቁ የሁመር ዛፍ ሥር ይቆማል። ደገኛው ከጣርማ በር ማዶ ገብሱንና ባቄላውን በአህያ ጭኖ ይወርዳል፤ ካባውን እንደለበሰ ስለሚመጣ ላቡ እስከ ክርኑ ይንጠባጠባል፤ የእኛ ሴቶች «አውልቀው እንጂ ወንድሜ፣ እዚህ ብርድ አይሸጥም» እያሉ ይቀልዱበታል። እኛ ማሽላ፣ ጥጥና በርበሬ ይዘን እንወጣለን። ጣሊያን መንገዱን ካወረደው ወዲህ ግን ገበያው ሌላ ሆነ። የቡሽ ባርኔጣ የደፋ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ሱሪ የለበሰ ነጭ በሁመሩ ሥር ያልፋል። ካንቲና የሚሉት ሱቅ ተከፍቶ ስኳር በሰማያዊ ወረቀት ተጠቅልሎ ይሸጣል፤ ዘይቱ ያለቀበት ቆርቆሮ ራሱ ዕቃ ሆኖ ሰው ይሻማበታል። አቡጀዲ በክንድ ይለካል፤ ሻጩ ክንዱን ያሳጥራል፣ ገዥዋ «የልጅ ክንድ ነው ያመጣህብኝ?» ብላ ትጮሃለች። ጠገራ ብር ያለው ሰው ሸሽጎ፣ ሊሬ ያለው ሰው እየረገመ ይገበያያል። እኔ ቀይ ሻሽ ነበረኝ፤ ወንድሜ ሰይድ ከአጣዬ ገበያ ያመጣልኝ። ሰው ሲያየኝ ጫፉን አፌ ውስጥ አደርገዋለሁ። እናቴ ከድጃ «ይህቺ ልጅ ሻሹን በልታ ትጨርሰዋለች» ትል ነበር። ጥጥ ለቀማ ስንሄድ ልጃገረዶቹ እንዲህ ብለው ይዘፍኑ ነበር፤ እኔ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ፦

መኪናው ሲመጣ አቧራው ቀደመ፣
የወሰደው ልጅ ግን በዚያው ከረመ።

ከከተማዋ በታች ጣሊያኖቹ የጥጥ እርሻ ያዙ። ለእርሻው ውሃ እንዲሆን ወንዙን በድንጋይና በሲሚንቶ ገደቡት፤ ውሃው ወደ ኋላ ተኝቶ ሜዳውን ሸፈነው። ግራሮቹ እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ደረቁ። እኛ ባሕር አይተን ስለማናውቅ «ባሕሩ» አልነው። ዓሣው ረባበት። የእርሻው ሹም ዓሣ ወዳድ ነበር። ትንባሆ ከአፉ ስለማይለይ ሕዝቡ አባ ጭሱ ብሎታል። አንድ ቀን በመኪና ላይ አንዲት ትንሽ የእንጨት ጀልባ ጭኖ አመጣ። የአገሩ ሰው ዓሣ አይበላም፣ አጥምዶም አያውቅ፤ አባቴ ይመር ግን በወጣትነቱ ግመል እየነዳ አዋሽ ድረስ ይሄድ ስለነበር መቅዘፍም መረብ መጣልም ያውቃል። አባ ጭሱ በአስተርጓሚው በኩል አስጠርቶ ጀልባዋን ሰጠው። ሰይድ ረዳቱ ሆነ።

ጀልባዋ ከመሃሏ አንድ ሳጥን ነበራት። የተያዘው ዓሣ እዚያ ውስጥ በውሃ ይቀመጣል። የአባ ጭሱ ትእዛዝ አንድ ብቻ ነበር፤ ዓሣው ሕያው ሆኖ ይምጣ። ዓሣው በበርሜል ሆኖ በመኪና ወደ ደጋ፣ ወደ ሹማምንቱ ማዕድ ይወጣል፤ በእኛ ሙቀት ደግሞ የሞተ ዓሣ ጣርማ በር ሳይደርስ ይሸታል። ስለዚህ በሳጥኑ ፊትና ኋላ ሁለት ቀዳዳ ነበር፣ በሁለቱም ላይ የነሐስ መዝጊያ። ጀልባዋ ስትሄድ ንጹሑ ውሃ በፊቱ ይገባል፣ አሮጌው በኋላው ይወጣል። ዳር ስትቀርቡና ውሃው ጭቃ ሲሆን የፊቱን መዝጋት ነው፤ ካልሆነ ጭቃው ዓሣዎቹ የሚተነፍሱበት ስንጥባቸው ውስጥ ገብቶ ይፈጃቸዋል። ጭቃውን እንዳለፋችሁ መልሶ መክፈት ነው። ጀልባዋ ቆማ መረብ ሲጣል ውሃው አይንቀሳቀስም፤ ያን ጊዜ በጣሳ ከላይ እያፈሰሱ ማናፈስ ነው። የሞተ ካለ ቶሎ ማውጣት፣ አለዚያ ሌሎቹንም ያበላሻል። አምባዛ የሚሉት ጢማሙ ዓሣ ብዙ አያስቸግርም፣ ጭቃም ውስጥ ይኖራል፤ አባ ጭሱ የሚወደው ቆሮሶ ግን ትንሽ ነገር ይገድለዋል።

ይህን ሁሉ መጀመሪያ ያሳየኝ ሰይድ ነው። ምሳ ይዤላቸው ስወርድ እጄን ጎትቶ ጀልባዋ ላይ አስቀመጠኝ። «ይኸውልሽ ዘሃራ፣ የዓሣ እስር ቤት። ይህ የፊቱ ነው፣ ይበላበታል። ይህ ደግሞ የኋላው ነው፤ ይ... ካፈርሽ ልተወው» አለኝ። ሻሼን ነከስኩ። አባቴ ከወዲያ «አንተ ልጅ፣ እህትህን ተዋት!» ብሎ ተቆጣ፤ እሱም ግን ይስቅ ነበር። ሰይድ ሳቂታ ነበረ። ጥርሱ ነጭ፣ ሽርጡን ከፍ አድርጎ የሚታጠቅ፣ ሲራመድ መሬት የማይነካ የሚመስል።

ትንንሾቹን ዓሣዎች አባ ጭሱ ስለማይፈልጋቸው አንዳንዴ ለቤታችን ይፈቀዳል። አባቴ እነሱን አንድ በአንድ ከሳጥኑ ያወጣና ፊቱን ወደ ቂብላ አዙሮ፣ «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» ብሎ አንገታቸውን በቢላ ይቆርጣል። ልክ እንደ ዶሮ። ሳይታረድ የሞተውን ለወፍ ይጥለዋል። ሰይድንም እንዲሁ አስተማረው። «ቢላ ያልነካው በክት ነው። ነፍስ ያለው ሁሉ ይታረዳል፤ ዓሣም ነፍስ አለው» ይለው ነበር። እኛ ቤት ዓሣ የበላ አያት የለንም፤ የሚነግረንም አልነበረም። አባቴ በበጉና በፍየሉ በሚያውቀው ሕግ ዓሣውን ዳኘው። ማንም አልተጠራጠረም።

ሰይድን ከገበያ ወሰዱት። ጫካ ለገቡት አርበኞች ጨው ያቀብላል ብሎ አንድ ሰው ነገረበት አሉ። አቀብሎም እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። በዚያን ቀን ምሳውን እኔ ነበርኩ የማደርስለት፤ ሁመሩ ሥር ስደርስ ሴቶቹ ጸጥ ብለው አዩኝ፤ አንዷ «ተመለሺ የኔ ልጅ» አለችኝ። ከእርሻው በስተጀርባ፣ በእሾህና በሽቦ የታጠረ ካምፕ ነበር፤ እዚያ አገቡት። እናቴ በማግስቱ ቂጣ ጋግራ ሄደች። በር ላይ የቆመው አስካሪ፣ ለጣሊያን ያደረ ወታደር፣ ተቀብሎ፣ እያየችው ቆርሶ በላው። «ጨው አንሶታል» አላት። በሌላው ቀን ቆሎ ወሰደች፤ እሱንም ወሰደባት። ሦስተኛ ስትሄድ በሰደፍ መለሳት። የዚያን ዓመት ማሽላው ገና በእሸቱ አንበጣ በልቶት ነበር። የቀረችውን ነበር የምትወስድለት።

ጀልባዋ ላይ የሰይድ ቦታ ባዶ ሆነ። አባቴ ብቻውን መቅዘፍና መዝጊያ መያዝ አልቻለም። ወንድ ልጅ ሌላ የለውም። «ዘሃራን ይዤ እሄዳለሁ» አለ። እናቴ «ወንድ መሃል? ይህቺን? በጥላዋ የምታፍረውን?» ብላ ጮኸች። «ውሃ ላይ ወንድ የለም። ውሃና እኔ ነን ያለነው» አላት። እንዲህ ሆኜ ሁለቱን መዝጊያ ያዝኩ። እጄ ቀን ሙሉ ነሐስ ነሐስ ይሸታል። እውነቱን ለመናገር ሥራው ይስማማኝ ነበር። ከውሃው መሃል የሚያየኝ የለም። ጭቃው የሚጀምርበትን በቀለሙ ለየሁት፤ አባቴ ሳይናገር እዘጋለሁ፣ ሳይናገር እከፍታለሁ። ዓሣው አይሞትብንም ነበር።

አስተርጓሚው ከደብረ ሲና የመጣ ሰው ነበር። ክፉ አይደለም፤ ምላሱ ግን ማረፊያ የላትም። አንድ ቀን በዳር በርሜሉን ስንሞላ አንድ ቆሮሶ ሆዱን ገልብጦ ተንሳፈፈ። አባ ጭሱ በከዘራው ገፋ አደረገውና «ሞርቶ!» አለ። አስተርጓሚው ለአባቴ «ሞቷል ይልዎታል፤ እንዳላየን» አለውና ዓሣውን በጅራቱ አንስቶ ወደ ቅርጫት ጣለው። «የሚዘለው ለሹም፣ የሞተው ለእስረኛ። የካምፑ ወጥ ቤት ቀቅሎ ከጎመኑ ጋር ይሰጣቸዋል። ምን ያደርጉ፣ ሌላ ምን አላቸው? በቀን አንድ ጭልፋ የጎመን ውሃ ነው። ዛሬ ይቺ ደርሳቸው ዒድ ሊያደርጉ ነው» አለ እየሳቀ። አባቴ አልሳቀም። ቅርጫቱን አየ።

በማግስቱ መረቡን ስበን፣ ሳጥኑ ሞልቶ ወደ ዳር ስንመለስ፣ ገና ከባሕሩ መሃል አባቴ መቅዘፉን አቆመ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች።

«ዘሃራ።»

«አቤት አባ።»

«የፊቱን ዝጊው።»

«ገና መሃል ነን እኮ። ጭቃ የለም።»

«አውቃለሁ። ዝጊው። የኋላውንም ዝጊው።»

ፊቱን አየሁት። ገባኝ። ያለወትሮዬ አፌን ከፈትኩ። «አባ፣ ሳይታረድ ይበላል እንዴ?»

መቅዘፊያውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። «አንገቱ ላይ የቢላ ምልክት ካየ አባ ጭሱ ወዲያው ያውቅብናል። ለተራበ ሰው አላህ መሐሪ ነው። ሐራምነቱ በእኔ አንገት ይሁን። ልጄ ይብላ እንጂ እኔ በቂያማ ቀን እጠየቅበታለሁ» አለ። ሸኽ ይጠየቅ እንዳንል፣ መጠየቁ ራሱ ነገሩን ማውጣት ነበር፤ በዚያ ዘመን በየግድግዳው ጆሮ በቅሎ ነበር። ስለዚህ ዘጋሁት። ነሐሱ ሲጢጥ አለ።

ዓሣዎቹ መጀመሪያ ምንም አልመሰላቸውም። ቆይተው ወደ ላይ ወጡ። ሁሉም አፋቸውን ከውሃው በላይ አድርገው ይከፍቱታል ይዘጉታል፣ ይከፍቱታል ይዘጉታል። ድምፅ የላቸውም። አባቴ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ ቀስ ብሎ ይቀዝፋል። እኔ እጄን መዝጊያው ላይ እንዳደረግሁ ነበርኩ፤ ሌላ ማስቀመጫ አጣሁለት። ዳር ስንደርስ ሲሶው ሞቶ ነበር። አባ ጭሱ በከዘራው አንድ በአንድ እየገፋ «ሞርቶ፣ ሞርቶ» አለ። አስተርጓሚው «አባ ይመር፣ ዓሣዎችዎ ምን ነካቸው? አኮረፉ?» ብሎ ሊቀልድ ጀመረና የአባ ጭሱን ፊት አይቶ ተወው። አባቴን በጅራፍ አስገረፉት። እኔ ጀልባዋ ውስጥ ሻሼን ነክሼ ተቀመጥኩ። የሞተው ዓሣ በቅርጫት ወደ ካምፑ ሲሄድ አየሁ፤ አባቴም ተኝቶ እየተገረፈ ያችን ቅርጫት በዓይኑ ይከተል ነበር።

ቤት ስንገባ እናቴ ጀርባውን ሬት ቀባችው። በሆዱ ተኝቶ፣ አገጩን እጁ ላይ አድርጎ፣ ፈገግ አለ። «ከድጃ፣ ዛሬ ልጅሽ ጠግቦ ያድራል» አላት። በሕይወቴ ከሰማኋቸው ቃላት ሁሉ እንደዚያች የምትከብደኝ የለችም። እናቴ ተነስታ እየሳቀችና እያለቀሰች ያለንን የማሽላ ቂጣ ለጎረቤት ልጆች ቆርሳ ሰጠች። ሰደቃ መሆኗ ነው።

ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። በየቀኑ አይደለም፤ እንዳይነቃብን ሁለት ቀን ሕያው፣ አንድ ቀን ሙት እያልን። አባቴ ውሃው ታመመ፣ ሙቀቱ በዛ ይላል፤ አንዳንዴ ያምኑታል፣ አንዳንዴ ይገረፋል። በዚያው ሰሞን ግድቡ ስለተሸረሸረ እስረኞቹን ድንጋይ ሊያሸክሟቸው ያወጧቸው ጀመር። ከጀልባዋ ላይ ይታዩናል። በሰልፉ ውስጥ ሰይድን በአረማመዱ ለየሁት። ቀርበን መናገር አንችልም፤ አስካሪዎቹ ዳር ዳሩን ይዘዋል። እሱም አየን። ድንጋዩን አውርዶ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፤ እንደ ሰላምታ። አባቴ መቅዘፊያውን ብድግ አደረገለት። ቤት ገብቶ ለእናቴ «አየሁት። ቆሟል። ከስቷል እንጂ ቆሟል» አላት።

በሚቀጥለው ስናየው ሽርጡ ወገቡ ላይ ሁለት ዙር ይጠመጠም ነበር። አባቴ ተጨነቀ። «አልደረሰውም ማለት ነው። ብዙ ናቸው፤ ይሻሙታል። ሰይድ ደግሞ መሻማት አያውቅም፣ ምግብ ቀርቦ ብሉልኝ ባይ ነው። እንጨምር» አለ። መዝጊያውን ቶሎ፣ ገና ከመነሻችን እንድዘጋ አደረገኝ። ግማሹ ይሞት ጀመር። ግርፋቱም ጨመረ። ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቆ፣ ሲያወልቀው ቆዳው አብሮ ይነሳል። ለሦስተኛ ጊዜ ሰይድን ስናየው አንዲት ትንሽ ድንጋይ ለብቻው ይዞ ከሁሉ ኋላ ይሄዳል፤ የሚያሳዝነው ደግሞ ከአጠገቡ ያሉት እስረኞች ከእሱ የተሻሉ መሆናቸው ነው። አንዱ፣ ትከሻው ሰፊ የሆነ ደገኛ፣ በክንዱ ይደግፈው ነበር። «እነዚያ እየበሉ ልጄ እንዴት ይከሳል?» ብሎ አባቴ እኔን ጠየቀኝ። እኔ ምን አውቃለሁ። «ወባ ይዞት ይሆናል» አልኩ። «እንግዲያው ምግብ ያሻዋል» አለና እንደገና «ዝጊው» አለኝ።

ከዚያ ሰልፉ ያለ እሱ ወጣ። በማግስቱም ያለ እሱ። አስተርጓሚው ከዳር ሲጠብቀን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ባርኔጣውን አውልቆ ነበር። «አባ ይመር፣ አላህ ያጽናዎት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወባ ነው አሉ። ከካምፑ ጀርባ ቀብረውታል። ሬሳውን አይሰጡም፤ ለምኛለሁ፣ አይሰጡም። እኔ ነገርኩዎ እንዳይሉ።» አባቴ «ኢና ሊላሂ» ብሎ ጀመረና ሊጨርሰው አልቻለም። የዚያን ቀን ዓሣ ግማሹ ሞቶ ነበር። አባ ጭሱ ግን አልመጣም፤ የሚገርፈው ጠፋ። አባቴ በርሜሉን ሞልቶ፣ ጀልባዋን አስሮ፣ ጭቃ የነካ እግሩን በደንብ አጥቦ፣ ቤቱ ሄደ።

እርሻውን ትቶ መቅረት አይቻልም፤ ካልመጣህ ጫካ ገባህ ይባላል። ስለዚህ ለቅሶ እንኳ ሳንቀመጥ ተመለስን። ከባሕሩ መሃል ስንደርስ አባቴ «ክፈቺው። ሁለቱንም» አለኝ። እኔም ቀድሜ ከፍቼው ነበር። አንድም ዓሣ አልሞተም። በርሜሉ ውስጥ ሲዘሉ ውሃው የአባ ጭሱን ጫማ አረጠበው፤ ደስ ብሎት ሳቀ፤ የአባቴን ትከሻ መታ መታ አደረገና ነጭ ዳቦ ሰጠው። ጅራፉ ያረፈበትን ትከሻ ነው የመታው። አባቴ ዳቦውን ተቀበለ። ሌላ ምን ያደርጋል። ወደ ውሃው ስንመለስ ከሞቱት ግራሮች በአንዱ ቅርንጫፍ ላይ አስቀመጠው፤ ወፎች ጨረሱት።

ጣሊያኖቹ የሄዱበትን ጊዜ ስንቱ ያወራዋል፤ እኔ የማስታውሰው መኪናዎቹ በሌሊት ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ ተሰልፈው ወደ ጣርማ በር ሲወጡ፣ ካንቲናው ተሰብሮ የስኳሩ ሰማያዊ ወረቀት በገበያው ሲበር ነው። ካምፑ ተከፈተ። ከተከፈተ ጥቂት ቆይቶ ነው እንግዳው ቤታችን የመጣ። ትከሻው ሰፊ ደገኛ፤ በግድቡ ላይ ሰይድን ይደግፍ የነበረው። ደምሴ እባላለሁ አለ። በር ላይ ቆሞ እናቴን እጅ ነሳና ከደረት ኪሱ የሰይድን መቁጠሪያ አወጣ፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎታል።

«የልጅዎ ነው እናቴ። በአደራ ያዝኩት። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ አልቆጠርኩበትም፤ ግን አንዷንም ፍሬ አልጣልኩም።»

እናቴ ጨርቁን ፊቷ ላይ አደረገች። አባቴ እንግዳውን አስቀመጠው። ውሃ ሰጠሁት። ደምሴ ጠጥቶ ጨረሰና አባቴን አየው። «አባቱ እርስዎ ነዎት? እኔ እዚህ የመጣሁት ለማመስገን ነው። እርስዎ ያሳደጉት ልጅ ነው ነፍሴን ያቆያት። ከውሃው የሚመጣ የሞተ ዓሣ ይሰጡን ነበር፣ ከነጭንቅላቱ ተቀቅሎ። እኔ እንኳን ልበላው ዓሣ በዓይኔ አይቼ የማላውቅ የደጋ ሰው፣ በረሃብ ጊዜ ምን ይመረጣል፣ ሁላችንም በላን። እሱ ግን አንገቱን ገልብጦ ያይና ለእኔ ያቀብለኛል። ‹ቢላ አልነካውም› ይላል። ‹ብላ፣ አንተ ሰው፣ ትሞታለህ› ብዬ ለመንኩት፤ ተቆጣሁት፤ በግድ ላጎርሰው ሁሉ ታገልኩ። ‹አባቴ ያላስተማረኝን አልበላም› አለኝ። እስከ መጨረሻው። የጎመኑን ውሃ ብቻ ይጠጣል። ድርሻውን ሁሉ እኔ በላሁት። ሁለት ሰው ሆኜ ነው የወጣሁት። እንደ እርስዎ ያለ አባት...» አለ።

እናቴ ወደ አባቴ አየች፤ እኔም አየሁ። እጁን አፉ ላይ አድርጎ ነበር። ደምሴ ግራ ተጋብቶ ሁላችንንም አየን። ስለ ሳጥኑና ስለ መዝጊያው ማንም አልነገረውም። ምን ብለን እንንገረው? የመጣው ለማመስገን ነው። ማሽላ ቂጣ አቀረብንለት፤ በላ፤ መርቆን ሄደ።

በማግስቱ አባቴ ተነስቶ ወደ ሸኹ ቤት ሄደ። ሩቅ ነበር፤ ተከትዬው ሄድኩ፣ ብቻውን እንዲሄድ ልቤ አልፈቀደም። ሸኹ በግቢያቸው ጥላ ሥር ከሁለት ተማሪዎች ጋር ተቀምጠው ነበር። ሰላምታው ሲያበቃ አባቴ ቆሞ ጠየቀ፤ አልቀመጥም አለ።

«ሸኽ፣ ዓሣ ይታረዳል ወይ?»

ሸኹ ፈገግ አሉ። «አይታረድም አባ ይመር። የባሕር ነገር ሙቱም ሐላል ነው። ቢላ አያሻውም። ሕፃን የሚያውቀው ነው፤ ለእኛ ለቆለኞች ግን ዓሣው ከየት መጥቶ! ምነው፣ ይህን ብቻ ለመጠየቅ በዚህ ፀሐይ መጡ?»

«አዎ» አለ አባቴ። «ይህን ብቻ ለመጠየቅ ነው።»

ስንመለስ ከፊቴ ይሄድ ነበር፤ ጀርባውን አይ ነበር። ጠባሳው በቀጭኑ አቡጀዲ ውስጥ ይታያል። ግድቡ ጋ ስንደርስ ቆመ። በክረምቱ ጎርፍ አንድ ወገኑ ፈርሶ ውሃው ሄዷል፤ ባሕሩ የተሰነጠቀ ጭቃ ሆኗል። ጀልባዋ በጎኗ ተኝታለች። አባቴ በጭቃው ላይ ሄዶ ገባባትና ከሳጥኑ አጠገብ ተንበረከከ። የፊቱን መዝጊያ ከፈተ። የኋላውንም ከፈተ። ነሐሱ ዝጎ ስለነበር ሁለት እጁን ፈለገ። ከዚያ ቀዳዳዎቹን እያየ ተቀመጠ። ጠርቼው ነበር፤ አልሰማኝም፤ ድምፄ ያን ጊዜም ትንሽ ነበር። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ራሱ ተነስቶ መጣ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። ሰላቱን አላቋረጠም። አንድ ነገር ግን ተወ፤ ስለ ሐላልና ሐራም የጠየቀውን ሰው ሁሉ፣ የእኔን ልጆች ሳይቀር፣ «እኔን አትጠይቁኝ» ይል ነበር። በዒድ በጉ ሲታረድ ቢላውን ለሌላ ሰው ይሰጥና ከቤት ይወጣል። እናቴ አንድ ቀን ብቻ፣ ሞቷ ሲቀርብ፣ «ይመር፣ ጠግቦ ያድራል ብለኸኝ ነበር» አለችው። ክፋት አልነበረባትም፤ ልጇን እያሰበች ነው። እሱ ከዚያች ቀን ወዲያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር አልሰማሁትም።

ይህን እየጻፍኩ ውሃ አለቀብኝና ቅድም ወደ ቦኖው ወረድኩ። ያ አዲሱ ነሐስ ፀሐይ ላይ ያበራል። ብርቄ ከፈተችልኝ። ባልዲዬ ሞላ፣ ከዚያም ሞልቶ ፈሰሰ። እጄ ወደ መዝጊያው ሊሄድ ፈለገ፤ አልሄደም። ከኋላዬ ያሉት መሳቅ ጀመሩ።

«እትዬ ዘሃራ! ዛሬም? እስኪ አንድ ቀን እርስዎ ይዝጉት!»

«ዝጊው፣ ልጄ» አልኳት።

ዘጋችው።